የጋለ ዘይት፣ ጣውላና ከስታንዳርድ ሞዴል ማዶ ያለው ነገር

እንጨት ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተስተካክሎም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተራል። ትናንት ልክ የነበረ መሳቢያ ዛሬ አልወጣ ይላል። ቀጥ ብሎ የተሠራ በር ይወለግዳል። አናጺዎች ለዚህ ብዙ መላ አላቸው። ክፍተት ይተዋሉ፣ የክሩን አቅጣጫ ይመርጣሉ፣ ሳንቃው እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ አድርገው ይገጥሙታል። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው መንገድ ነው፤ እንጨቱን ራሱን መለወጥ።

በሙያዬ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሰው ነኝ። የምሠራው ከስታንዳርድ ሞዴል ማዶ ምን አለ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ስታንዳርድ ሞዴል የምንለው ቁስ የተሠራባቸውን መሠረታዊ ቅንጣቶችና፣ ከስበት በቀር፣ በመካከላቸው ያሉትን ኃይሎች የሚገልጸውን ንድፈ ሐሳብ ነው። ከሥራ የተረፈው ጊዜዬ ደግሞ እንጨት በጋለ ዘይት ውስጥ በማከም ያልቃል። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው።

ከእንጨቱ ልጀምር። የእንጨት ሕዋስ ግድግዳ በዋናነት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፤ ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን። ሴሉሎስ ረጅምና ጠንካራ ክር ነው። ከደረቁ እንጨት ክብደት ወደ ግማሽ የሚጠጋው እሱ ነው። ሊግኒን ሁሉን አጣብቆ ይይዛል። ሄሚሴሉሎስ በመሃላቸው ያለ፣ አጠር ያለና ቅርንጫፍ ያወጣ ሞለኪውል ነው። በሴሉሎስና በሄሚሴሉሎስ ላይ ሃይድሮክሲል የሚባሉ፣ ከአንድ ኦክስጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠሩ ጫፎች ሞልተዋል። እነዚህ ጫፎች ውሃ ይስባሉ። ውሃው በክሮቹ መሃል ሰርጎ ይገባና ያራርቃቸዋል። የበሩ ማበጥ ከዚህ የመጣ ነው።

ማበጡ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሆን ኖሮ ጣጣው ቀላል ነበር። ግን አይደለም። በግንዱ ርዝመት በኩል ለውጡ ኢምንት ነው። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ ዙሪያውን የሚታየው ለውጥ ደግሞ ከመሃል ወደ ቅርፊት ካለው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጣውላ የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጥ ይሸሻል።

ሙቀት እዚህ ላይ ይገባል። እንጨትን ኦክስጅን በሌለበት ወይም እጅግ ባነሰበት ሁኔታ ከ160 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ብታሞቁት ቀድሞ የሚፈርሰው ሄሚሴሉሎስ ነው። ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ ደግሞ የቀረውን ፍርሰት ያፋጥነዋል። ውሃ የሚስቡት ጫፎች ይቀንሳሉ። ሊግኒኑም በአዲስ መልክ ይተሳሰራል። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ከአየር የሚወስደው እርጥበት በደንብ ይቀንሳል፤ በብርቱ ከታከመ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። መበስበስንም ይበልጥ ይቋቋማል። ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት ይጠቁራል።

በነፃ የሚገኝ ግን አይደለም። የመታጠፍ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ይሰባበራል። ሚስማር ሲመታበት ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሸክም ለሚይዝ ምሰሶ አልመክረውም። ለግድግዳ ልባስ፣ ለወለል፣ ለሳጥን፣ ለሙዚቃ መሣሪያ ክፍል ግን ግሩም ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ስታም የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር እንጨትን በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ የብረት ዓይነት ውስጥ አስጥሞ በማሞቅ እንዴት እንደሚረጋ በ1946 አሳትሟል። ብረቱ ሙቀትን በፍጥነት ያደርሳል፣ አየርንም ያግዳል። ዘዴው በዚያን ጊዜ ወደ ገበያ አልወጣም። በ1990ዎቹ ፊንላንዶች በእንፋሎት፣ ፈረንሳዮች በናይትሮጅን፣ ጀርመኖች ደግሞ በአትክልት ዘይት ሠሩት። እኔ የወደድኩት የጀርመኖቹን ነው።

ዘይት ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ሙቀቱን ለእንጨቱ በየአቅጣጫው እኩል ያደርሳል። ኦክስጅንን ያግዳል። በመጨረሻም ራሱ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው የሚሆነው ሲሞቅ ሳይሆን ሲበርድ ነው። በሙቀቱ ጊዜ በሕዋሶቹ ውስጥ ያለው አየርና እንፋሎት ተነፍቶ ይወጣል። እንጨቱ እዚያው ዘይቱ ውስጥ እያለ ሲቀዘቅዝ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳል፣ ጋዙም ይኮማተራል። በውስጡ የአየር ግፊት ይጎድላል። ዘይቱ ያን ጉድለት ሊሞላ ይገባል። ስለዚህ ምን ያህል ዘይት እንደሚጠጣ የምትወስኑት መቼ እንደምታወጡት በመወሰን ነው። ትኩስ እያለ ከወጣ ትንሽ ይዞ ይቀራል። በርዶ ከወጣ ጠግቦ ይወጣል።

የዘይቱ ዓይነትም ለውጥ አለው። የተልባ ዘይት በሞለኪውሎቹ ውስጥ ብዙ ድርብ ትስስር ስላለው ከአየር ጋር ሲገናኝ ይደርቃል፣ ማለትም እርስ በርሱ ተያይዞ ጠጣር ይሆናል። ይህ ለእንጨቱ ገጽ መልካም ነው። ለድስቱ ግን ችግር ነው፤ ደጋግሞ ሲሞቅ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ከእንጨቱ የወጣው አሲድና ሌላውም ነገር ይከማችበታል። ድርብ ትስስሩ አነስ ያለ ዘይት ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ግን እንጨቱ ላይ ቶሎ አይደርቅም። ሁለቱን ለማስታረቅ የማውቀው ጥሩ መንገድ፣ ማሞቂያውን በአንዱ አድርጎ የላይኛውን ገጽ በኋላ በተልባ ዘይት መቀባት ነው።

ሂደቱን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ብዙ ይናገራል። በደንብ የደረቀ ቁራጭ እንኳ ጥቂት ውሃ አያጣም። ዘይቱ ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ከቁራጩ ሁለት ጫፎች፣ ክሩ ከተቆረጠበት ፊት፣ የአረፋ ሰንሰለት ይወጣል። ከጎኑ እምብዛም አይወጣም። ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ በርዝመቱ ስለሆነ ማለት ነው። አረፋው ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ ከዚያም ያቆማል። ሰው ሥራው ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ወደ 180 ሲቃረብ ግን ሌላ አረፋ ይመጣል። ይሄኛው ደቃቅ ነው፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታም አለው። ይህ ውሃው አይደለም። ራሱ እንጨቱ እየፈረሰ ነው። ሄሚሴሉሎስ አሲዱን እየለቀቀ ነው። ሞለኪውል ሲለወጥ በአፍንጫ የሚታወቅበት አጋጣሚ ሁሌ አይገኝም። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በኋላ ቁራጩን መሃል ለመሃል ስትቆርጡት ቀለሙ እስከ ልቡ ድረስ አንድ መሆን አለበት። ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሃሉ ነጣ ካለ ሙቀቱ አልደረሰም ማለት ነው። የሚቆጠረው ሰዓት መሃሉ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ይህ በቤት ውስጥ፣ በቡታጋዝ ላይ፣ ክፍት ድስት ይዞ የሚሞከር አይደለም። ርጥብ እንጨት በጋለ ዘይት ውስጥ ከገባ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ ዘይቱን አረፋ አድርጎ ከድስቱ ያወጣዋል። እሳት ካገኘው ያበቃለታል። ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት በተዘጋ ጋን ውስጥ ነው። እኔም የምሠራው ደጅ ነው፣ እሳት በሌለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ሙቀቱን ራሱ በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ፣ ትንንሽ ቁራጭ ብቻ ይዤ። ጢስ የሚያወጣ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋም። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅም ተጠቅልሎ አይጣልም። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ይነዳል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት።

አሁን ወደ ፊዚክሱ ልምጣ።

እስካሁን በነገርኳችሁ ሁሉ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን ስለተሠሩበት ቅንጣት፣ ስለ ኳርክ፣ አንድም ቃል አልነበረም። ኳርኮችን ስለሚያጣብቀው ስለ ግሉዮንም፣ ለመሠረታዊ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ ከሚሰጠው መስክ ጋር ስለሚያያዘው ስለ ሂግስ ቅንጣትም። አላስፈለገም። የፊዚክስ ሰው ሆኜ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልችልም። እንጨቱ ከኳርኮችና ከኤሌክትሮኖች የተሠራ ነው። ታዲያ ስለ ኳርክ ምንም የማያውቅ አናጺ ስለ እንጨት ይህን ሁሉ እንዴት ሊያውቅ ቻለ?

መልሱ ቁጥሮቹ ውስጥ አለ። በ200 ዲግሪ አንድ ሞለኪውል በመንቀጥቀጡ የሚይዘው ኢነርጂ ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት 25ኛ እጅ ገደማ ነው። ኤሌክትሮን ቮልት በቅንጣቶች ደረጃ ኢነርጂ የምንለካበት አሃድ ነው። የኬሚካል ትስስር ለመበጠስ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። የአቶም ኒውክሊየስን ለመነካካት ሚሊዮኖች ያስፈልጋሉ። የሂግስ ቅንጣት መጠነ ቁስ፣ እኛ በኢነርጂ አሃድ ስለምንለካው፣ 125 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ 125 ቢሊዮን ማለት ነው። በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። ታች ያለው ደረጃ ላይ ላለው የሚያስተላልፈው ዝርዝሩን ሳይሆን ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። ኬሚስቱ ከኒውክሊየስ የሚፈልገው ክብደቱንና ቻርጁን፣ አልፎ አልፎም ስፒኑን፣ ማለትም ሽክርክሪት መሰል ባሕርይውን ነው። ሌላው ተዘግቶበታል።

በእኔ እምነት ፊዚክስ ካስተማረን ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ዓለምን ከሥር መሠረቷ ሳናውቃት በየደረጃው ልንረዳት እንችላለን። እንዲህ ባይሆን ሳይንስ የሚባል ነገር አይጀመርም ነበር።

ደረጃዎቹ ግን ፍጹም አይዘጉም። ትንሽ ያፈሳሉ። የእኔ ሥራ እነዚያን ፍሳሾች መፈለግ ነው።

አንዱ ፍሳሽ ጣውላው ውስጥ አለ። በቅርብ ከተቆረጠ ዛፍ የተገኘ 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህሉ ካርቦን ነው። ከዚያ ካርቦን እጅግ ጥቂቱ ካርቦን 14 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ነው። በያንዳንዱ ሴኮንድ ወደ 100 የሚሆኑ የካርቦን 14 ኒውክሊየሶች ወደ ናይትሮጅን ይለወጣሉ። እያንዳንዱ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ አንቲኒውትሪኖ ይለቃል። ኒውትሪኖ ቻርጅ የሌለው፣ ከሌላ ቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት ነው፤ አንቲኒውትሪኖ ደግሞ ጸረ ቅንጣቱ ነው። ብታሞቁትም ባታሞቁትም፣ ዘይት ውስጥ ቢሆንም ደጅ ቢሆንም፣ ፍጥነቱ አይለወጥም። ይህን የሚሠራው ከተፈጥሮ አራት መሠረታዊ ኃይሎች አንዱ የሆነው ደካማው ኃይል ነው። የደካማው ኃይል ተሸካሚ ደብልዩ የሚባለው ቅንጣት ነው፣ መጠነ ቁሱም 80 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። አንድ ካርቦን 14 ሲለወጥ የሚወጣው ኢነርጂ ግን ከዚያ 500 ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። ደብልዩው በአካል የሚወጣበት አቅም የለም። ተጽዕኖው ብቻ ነው የሚያልፈው። ኃይሉ ደካማ የሆነው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ግማሹ ካርቦን 14 እስኪለወጥ 5,730 ዓመት የሚፈጀው ደግሞ በዚህም፣ በራሱ በኒውክሊየሱ አወቃቀርም ነው።

ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ የዚህን ዓይነት ለውጥ ንድፈ ሐሳብ በ1934 ሲያሳትም ስለ ደብልዩ ምንም አያውቅም ነበር። በአንድ ቁጥር ተክቶ አለፈው። ሒሳቡ ሠራ። ያ ቁጥር ትንሽ የሆነው ከጀርባው ከባድ ነገር ስላለ ነበር። ደብልዩው ራሱ በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ በሰርን፣ የታየው በ1983 ነው። ወደ 50 ዓመት ገደማ ሰዎች ፍሳሹን እየለኩ ምንጩን ሳያዩ ኖሩ።

ዛሬ እኛም ያለነው እንደዚያው ነው። ስታንዳርድ ሞዴል 6 ኳርኮች፣ 6 ሌፕቶኖች (ኤሌክትሮን፣ ኒውትሪኖና ዘመዶቻቸው)፣ የኃይል ተሸካሚዎችና ሂግስ አሉት። ሂግስ በ2012 ከተገኘ በኋላ ዝርዝሩ ተሟላ። በላቦራቶሪ ከተለካው ከሞላ ጎደል ሁሉ ጋር ይስማማል። የሚጎድለው እንዳለ ደግሞ እርግጠኞች ነን። ስለዚህ እንደ ፌርሚ፣ ከጀርባ ያለውን ሳናውቅ፣ ምን ዓይነት ፍሳሽ ሊያሳይ እንደሚችል እንጽፋለን። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ዋይንበርግ በ1979 ይህን አደረገ። የምናውቃቸውን ቅንጣቶች ብቻ ይዘን፣ ከላይ ካለ ትልቅ ኢነርጂ ሊመጣ የሚችለውን ከሁሉ የቀደመውን ፍሳሽ ብንፈልግ አንድ ዓይነት ብቻ እንደሚገኝ አሳየ። ያም ለኒውትሪኖ መጠነ ቁስ የሚሰጥ ነው። ትልቁ ኢነርጂ በጨመረ ቁጥር መጠነ ቁሱ ያንሳል።

በመጀመሪያው ስታንዳርድ ሞዴል ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ የለውም። በ1998 ግን ጃፓን ውስጥ ያለው ሱፐር ካሚዮካንዴ እንዳለው አሳየ። ይህን ሙከራ ልቤ ይወደዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ከተራራ ሥር 1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ 50,000 ቶን እጅግ የጠራ ውሃ የያዘ ጋን ነው። ግድግዳው ከ11,000 በላይ በሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ስፋት ባላቸው የብርሃን መለኪያ ቱቦዎች ተሸፍኗል። ኒውትሪኖ ውሃው ውስጥ አንድ ነገር ሲመታ ከዚያ የሚወጣው ቅንጣት በውሃ ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት ቀድሞ ይሮጣል። ሰማያዊ ብርሃን በሾጣጣ ቅርጽ ይረጫል። ግድግዳው ላይ ቀለበት ሆኖ ያርፋል። የቀለበቱ ዳር ጥርት ያለ ከሆነ የወጣው ሙዮን፣ የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ፣ ነው። ዳሩ ብትንትን ካለ ኤሌክትሮን ነው፣ ምክንያቱም ኤሌክትሮን ቀላል ስለሆነ በመንገዱ እየተናወጠ ሌሎች ቅንጣቶችን ያፈልቃል። ሁለት የኒውትሪኖ ዓይነቶችን፣ ሙዮን የሚያወጣውንና ኤሌክትሮን የሚያወጣውን፣ የለዩት በቀለበት ዳር ጥራት ነው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ከላይ፣ ከአየሩ፣ የሚመጡት የሙዮን ኒውትሪኖዎች የሚጓዙት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከታች የሚመጡት መላውን ምድር፣ ወደ 13,000 ኪሎ ሜትር፣ አቋርጠው ነው። ከታች የመጡት ከሚጠበቀው ግማሽ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ጠፍተው አይደለም። በመንገድ ላይ ወደ ሌላ ዓይነት ተለውጠዋል። መለወጥ የሚችሉት ደግሞ መጠነ ቁስ ካላቸው ነው። ታካኪ ካጂታና በካናዳው ሙከራ ተመሳሳይ ነገር በፀሐይ ኒውትሪኖዎች ያሳየው አርተር ማክዶናልድ በ2015 ኖቤል ተሸለሙ።

የኒውትሪኖው መጠነ ቁስ ከዋይንበርግ ፍሳሽ የመጣ ከሆነና ከጀርባው ያለው ትስስር በጣም ደካማ ካልሆነ፣ ምንጩ ከመቶ ትሪሊዮን ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል። በሰርን ያለው 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ማፋጠኛ ከሚደርስበት ወደ 10 ቢሊዮን ጊዜ ይጠጋል። እዚያ የሚደርስ መሣሪያ አይሠራም። ፍሳሹ ብቻ ነው ያለን።

ሌላው የምንጠብቀው ፍሳሽ የፕሮቶን መፍረስ ነው። በ1974 ሃዋርድ ጆርጃይና ሼልደን ግላሾ ሦስቱን ኃይሎች (ኤሌክትሮማግኔታዊውን፣ ደካማውንና ጠንካራውን) አንድ የሚያደርግ ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርቡ ፕሮቶን ለዘላለም እንደማይኖር ተነበዩ። የመጀመሪያው ካሚዮካንዴ የተሠራው ይህን ለማየት ነበር። ፕሮቶን ሲፈርስ አላየም። በ1987 ግን ከ160,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት የፈነዳ ኮከብ ኒውትሪኖዎችን ያዘ። እስከ ዛሬም ማንም ፕሮቶን ሲፈርስ አላየም። ወደ ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ጸረ ቅንጣት) እና ፓዮን (ከኳርክና ከጸረ ኳርክ የተሠራ ቅንጣት) ለሚፈርስበት መንገድ ሱፐር ካሚዮካንዴ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ1 ቀጥሎ 34 ዜሮ ካለው ዓመት ይበልጣል። በ1 ኪሎ ጣውላ ብንተረጉመው፣ በዚህ መንገድ አንድ ፕሮቶን እስኪፈርስ ቢያንስ 30 ሚሊዮን ዓመት መጠበቅ ይኖርብናል። ያ የመጀመሪያው ቀላል ሞዴል በዚሁ ወደቀ። ያለማየት ውጤት ባዶ ውጤት አይደለም። አንድን ውብ ሐሳብ ከጠረጴዛው አንስቶታል።

እስካሁን ያለው ታሪክ ጥሩ ነው። ደረጃዎች ይለያያሉ፣ ትንሽ ያፈሳሉ፣ ፍሳሹን እንለካለን። ሂግስ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል።

ኤሌክትሮን ቀላል የሆነው የሚጠብቀው ሲሜትሪ፣ ማለትም አንድ ለውጥ ቢደረግም እኩልታዎቹ ሳይለወጡ የሚቀሩበት ሕግ፣ ስላለው ነው። ከላይ ያለ ከባድ ቅንጣት በኤሌክትሮኑ መጠነ ቁስ ላይ የሚጨምረው ከራሱ ከኤሌክትሮኑ መጠነ ቁስ ጋር የተመጣጠነ ብቻ ነው። ሂግስ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። በስታንዳርድ ሞዴል ውስጥ ካየነው፣ ከሂግስ ጋር የሚነካካ ከባድ ነገር ሁሉ መጠነ ቁሱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይጎትተዋል፤ በከባዱ ነገር ልክ። የስበት ኳንተም ደረጃ ላይ እስከሚደረስ፣ ከ1 ቀጥሎ 19 ዜሮ ያለው ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ፣ ምን ያህል ከባድ ነገር እንዳለ አናውቅም። የመጨረሻው ድምር ግን 125 ነው።

ይህን ለማስረዳት ከድስቱ የተሻለ ነገር የለኝም። በእንፋሎት የሚያክሙ ሰዎች ሕክምናው ምን ያህል እንደገፋ የሚያውቁት እንጨቱን መዝነው ነው። የጎደለው ክብደት የፈረሰውን ያህል ይናገራል። በዘይት ይህ አይሠራም። ሄሚሴሉሎሱ ይወጣል፣ ዘይቱ ይገባል፣ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። ሚዛኑ ትንሽ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ተለውጧል። አሁን አስቡት። የወጣውና የገባው እስከ 30ኛው አሃዝ ድረስ እኩል ሆኖ ቢገኝስ? አጋጣሚ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ? ሁለቱን አንድ ላይ ያሰራቸው ነገር አለ ብላችሁ አትፈልጉም?

በሂግስ ጉዳይ ያን አሳሪ ፍለጋ ብዙዎቻችን ዕድሜያችንን ሰጥተናል። ሱፐርሲሜትሪ ከሁሉ የታወቀው ነው። ለእያንዳንዱ ቅንጣት አንድ አጣማጅ አለው ይላል፣ የአንዱ ጭማሪ የሌላውን ቅናሽ ያጠፋል። እንዲሠራ ግን አጣማጆቹ ከሂግስ ብዙም የራቁ መሆን የለባቸውም። የሰርኑ ማፋጠኛ ፈልጎ አላገኛቸውም። የግሉዮን አጣማጅ በተለመዱት ሞዴሎች ከ2,000 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት በታች የለም።

ከባልደረቦቼ መካከል ጥያቄው ራሱ የጣዕም ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። ከሂግስ በላይ ከባድ ነገር ከሌለ ምንም የሚጠፋፋ ነገር የለም ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን አልስማማም። ኒውትሪኖው ራሱ ከላይ አንድ ነገር እንዳለ የሚጠቁም ይመስለኛል። ስበትም አለ። እንጨትን ያለ ኳርክ እንድንረዳ የፈቀደልን ሕግ አንድ ቦታ ላይ የከሸፈ ከመሰለ፣ ያ ቦታ ሊቆፈር ይገባዋል። መልሱ ሱፐርሲሜትሪ ካልሆነም አይሁን። ጥያቄው ግን ከሱ ጋር አይሞትም።

በታኅሣሥ 2015 በሰርን ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎች 750 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ጉብታ የመሰለ ነገር በሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ውስጥ እንዳዩ ገለጹ። በጥቂት ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች ወጡ። በነሐሴ 2016 ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውርደት ያወራዋል። እኔ አልቀበለውም። ጉብታው እውነት ቢሆን ምን ይከተላል የሚለውን በዚያ ፍጥነት ማውጣት ሥራችን ነው። ከእነዚያ ጽሑፎች የወጡ የስሌት መንገዶችን ዛሬም እንጠቀምባቸዋለን። ልኬቱና ስሌቱ አልገጥም ይሉ የነበረው የሙዮን መግነጢስ ጉዳይም እንዲሁ ሆነ። የአሜሪካው ላቦራቶሪ ፌርሚላብ በ2025 የመጨረሻውን ልኬት ሲያወጣ ስህተቱ ከቢሊዮን 127 እጅ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የንድፈ ሐሳብ ስሌት ከልኬቱ ጋር ተቀራረበ፣ ለ20 ዓመት ያህል የነበረው ልዩነትም ደበዘዘ።

ብርሃን ስለማይሰጠው ስለ ጨለማ ቁስ ብዙ አልልም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። መኖሩን በስበቱ እናውቃለን። የምናውቀው ቁስ ከዩኒቨርሱ 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ጨለማው ቁስ ደግሞ 27 በመቶ ያህል። የሚያስቸግረው በየትኛው ደረጃ እንደሚኖር አለመጠቆሙ ነው። አክሲዮን የሚባለው፣ እስካሁን በሐሳብ ደረጃ ብቻ ያለው ቅንጣት ከሆነ መጠነ ቁሱ ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት ሚሊዮንኛ ሊያንስ ይችላል። ሌላ ዓይነት ከሆነ ከፕሮቶን ሺህ ጊዜ ሊከብድ ይችላል። ስበት ለሁሉም አንድ ስለሆነ መልኩን አይናገርም።

እንጨቱ መልስ ለመስጠት አያስቸግርም። ዛሬ አሞቀዋለሁ፣ ከዚያ እርጥበት ባለበት ቦታ አስቀምጬ ስፋቱን እለካለሁ፣ ያልታከመውን ወንድሙን አጠገቡ አድርጌ። ልዩነቱ በጥሩ መለኪያ ይታያል። የምጽፋቸው እኩልታዎች ግን በእኔ ዕድሜ ላይፈተኑ ይችላሉ። ይህ ያስጨንቀኛል ወይ? አዎ፣ አንዳንዴ። ዋይንበርግ የኒውትሪኖውን ፍሳሽ ጽፎ ማረጋገጫው የመጣው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። የተሟላ ማረጋገጫ ግን ገና ነው።

የቀረው ጥያቄ ኒውትሪኖ ከአንቲኒውትሪኖ ጋር አንድ ነው ወይ የሚለው ነው። የዋይንበርግ ፍሳሽ እውነት ከሆነ አንድ ናቸው። ሐሳቡን ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤቶሬ ማዮራና በ1937 አቅርቦታል። አንድ ከሆኑ አንዳንድ ኒውክሊየሶች ሁለት ኤሌክትሮን ለቀው ምንም ኒውትሪኖ ሳይለቁ ሊለወጡ ይገባል። ጣውላው ውስጥ ያለው ካርቦን 14 ይህን አያደርግም። ዜኖን 136 እና ጀርማኒየም 76 ሊያደርጉ ይችላሉ። ካሚዮካ ውስጥ ያለ ሌላ ሙከራ ዜኖኑን ዘይት መሰል፣ ብርሃን በሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ አሟሙቶ፣ ፈሳሹን በቀጭን የናይለን ፊኛ ውስጥ አድርጎ ጠብቋል። እስካሁን አልታየም። የግማሽ ዕድሜው ገደብ ከ1 ቀጥሎ 26 ዜሮ ካለው ዓመት በላይ ነው። ቀጣዮቹ ሙከራዎች ከዚያ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ርቀው ለማየት ተነድፈዋል። እኔ አሁን የምሠራው ስሌት፣ ያ ለውጥ ከታየ ምንጩ የዋይንበርግ ፍሳሽ ነው ወይስ ከሱ በኋላ የሚመጣ ሌላ የሚለውን በሁለቱ ኤሌክትሮኖች መካከል ካለው አንግል ለመለየት ነው።